ለስላሳዋ የናይል ኤሊ፦ ከኦሞ እስከ ናሓል አሌክሳንደር

(የክፍሉ ሙሉ ጽሑፍ)

[ሙዚቃ]

ከቂርያት ጋት ነው የምናገረው። ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት ኤሊ ነው። አዎ፣ ስለ ኤሊ። "ይሄ የታሪክ ፖድካስት አይደለም እንዴ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ነው። ኤሊም ታሪክ አላት። የዚችኛዋ ታሪክ ደግሞ ከኦሞ ወንዝ ይነሳና በናይል በኩል ወደ ባሕር ወጥቶ፣ ከቤታችን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በመኪና እስከሚያስኬድ አንድ ትንሽ ወንዝ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ማን እንደሆነች እንተዋወቅ። በዕብራይስጥ ጻብ ራክ ይሏታል፣ ለስላሳ ኤሊ ማለት ነው። እዚህ አገር ኩሬና ወንዝ ዳር ብዙ ጊዜ የምናያት ትንሿ ኤሊ ሌላ ናት። እሷ ጻብ ቢጾት፣ የረግረግ ኤሊ ትባላለች፤ ጀርባዋም እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። ጻብ ራክ ግን ጀርባዋ እንደዚያ አይደለም። ከታች አጥንት አለ፣ ከላይ ግን የሸፈነው እንደ ቆዳ ያለ ለስላሳ ነገር ነው። ጠፍጣፋ ናት፣ ከላይ ስትታይ የእንጀራ ምጣድ ትመስላለች። ትልቅ የሆነችው ጀርባዋ ብቻ አንድ ሜትር ሊጠጋ ይችላል፣ ክብደቷም ወደ 50 ኪሎ ይደርሳል። አንገቷ ረጅም ነው፣ መንጋጋዋም ኃይለኛ ስለሆነ ልጆችን ይዛችሁ ብትሄዱ እጃቸውን ወደ ውኃው እንዳይሰዱ።

አፍንጫዋን ማየት አለባችሁ። ቀጭን ቱቦ ይመስላል። ጭቃው ውስጥ ተቀብራ ትተኛና ያንን አፍንጫ ብቻ ከውኃው በላይ ብቅ አድርጋ አየር ትስባለች። ሌላም ችሎታ አላት፦ ውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን በቆዳዋና በጉሮሮዋ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ነገሮች አማካይነት መውሰድ ትችላለች። ሳንባ እያላት እንደ ዓሣም ትንሽ ትንፋሽ ታገኛለች ማለት ነው። ይህንን ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

የምትበላውን አትመርጥም። ዓሣ፣ ቀንድ አውጣ፣ ሸርጣን፣ ነፍሳት፣ የሞተ እንስሳ፣ ፍሬና ቅጠልም ሳይቀር። እንቁላል የምትጥለው ግን ደረቅ መሬት ላይ ነው። በበጋ ከውኃው ወጥታ ዳርቻው ላይ አሸዋ ወይም ልል አፈር ትቆፍራለች፣ ክብ ክብ እንቁላሎቿን ትቀብራለች፣ ከዚያ ትታቸው ትመለሳለች። ሁለት ወር ገደማ ቆይተው ይፈለፈላሉ፣ ቀበሮ ካልቀደማቸው።

[ሙዚቃ]

አሁን ወደ ስሟ እንሂድ፣ ምክንያቱም ስሟ ራሱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1761 መጀመሪያ ከኮፐንሃገን አንድ የጉዞ ቡድን ተነሳ። የዴንማርክ ንጉሥ የላከው ነው፣ መድረሻው ዓረቢያ፣ የመን ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ፔተር ፎርስኮል የሚባል ወጣት የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው፤ የታዋቂው የሊኔየስ ተማሪ። መንገድ ላይ ግብፅ ውስጥ አንድ ዓመት ገደማ ቆዩ። ፎርስኮል እዚያ ዕፅዋቱንም እንስሳቱንም እየሰበሰበ መዘገበ። ካይሮ አጠገብ ከሚፈሰው ከናይል ያገኛት ይህች ኤሊ በእያንዳንዱ እግሯ ላይ ሦስት ጥፍር ብቻ እንዳላት አስተዋለና በላቲን "ባለ ሦስት ጥፍር" የሚል ስም ሰጣት፦ ትሪዩንጉዊስ።

ፎርስኮል መጽሐፉን አላየውም። በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ፣ ገና 31 ዓመቱ ነበር። ከቡድኑ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነው። የጓደኛውን ማስታወሻ ተሸክሞ ተመለሰና በ1775 አሳተመው። ስለዚህ የኤሊዋ ሳይንሳዊ ስም አጠገብ የሚጻፈው ዓመት 1775 ነው። ቆየት ብሎ፣ ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ የነበረው ፈረንሳዊው ዤፍሯ ሴንት ኢሌር በ1809 የወገኑን ስም ትሪዮኒክስ አለው፣ እሱም ያው "ሦስት ጥፍር" ነው። ሁለቱ ስሞች አንድ ላይ ሲጠሩ አንዱን ነገር ደግመው ይናገራሉ፣ በግሪክኛም በላቲንም።

ግብፆች ግን ከእነዚህ አውሮፓውያን ብዙ ሺህ ዓመት በፊት ያውቋታል። ከፈርዖኖች ዘመን በፊት በነበሩት መቃብሮች ውስጥ የኩል መፍጫ የሚሆኑ የድንጋይ ሰሌዳዎች በኤሊ ቅርጽ ተሠርተው ተገኝተዋል፣ ብዙዎቹም ይህችን ለስላሳዋን የሚመስሉ ናቸው። በኋለኛው ዘመን ግን ስሟ ከፋ። ጭቃ ውስጥ ተደብቃ ስለምትኖር የጨለማ ወገን፣ የፀሐይ አምላካቸው የራ ጠላት ተደርጋ ተቆጠረች። ራ እንዲኖር፣ ኤሊዋ እንድትሞት የሚመኝ የታወቀ አባባል እንኳን ነበራቸው። ምስኪን፣ ምን አደረገቻቸው!

እኛ ጋስ? ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ርኩስ ከተባሉት በምድር የሚንቀሳቀሱ እንስሳት መካከል በዕብራይስጡ "ጻብ" የሚል ስም አለ። የዛሬው ዕብራይስጥ ኤሊን የሚጠራው በዚያው ቃል ነው። ብዙ ሊቃውንት ግን የኦሪቱ ጻብ ኤሊ ሳይሆን በረሃ ውስጥ የሚኖር ጅራተ እሾሃም ትልቅ እንሽላሊት ነው ይላሉ፣ ዓረብኛው እስከ ዛሬ "ደብ" የሚለው። ቃሉ አንድ፣ እንስሳው ሁለት። ያም ሆነ ይህ ኤሊ በኦሪት ሕግ ከሚበሉት ውስጥ አይደለችም።

[ሙዚቃ]

እሺ፣ አሁን ዋናው ጥያቄ። የናይል ኤሊ እዚህ ምን ትሠራለች? ካርታ በሐሳባችሁ ሳሉ። ይህች ዝርያ በአፍሪካ በሰፊው አለች፦ ከምዕራብ ከሴኔጋል ጀምሮ፣ በመካከለኛው አፍሪካ አድርጋ እስከ ናይል ተፋሰስ። ኢትዮጵያ ውስጥ ኦሞ ወንዝ ላይ ትገኛለች፣ ኦሞ ከሚገባበት ከቱርካና ሐይቅም እንዲሁ። ከአፍሪካ ውጪ ደግሞ በሜዲትራንያን ምሥራቃዊ ዳርቻ ብቻ፦ እስራኤል፣ ሊባኖስ፣ ሶርያ፣ ከዚያ የቱርክ ደቡብ። እዚያ ላይ ያበቃል።

ካርታው ላይ ሁለት እንቆቅልሽ አለ። አንደኛው ቱርካና ነው። ዛሬ ቱርካና መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፣ ከናይል ጋር የሚያገናኘው ወንዝ የለም። ታዲያ የናይል ኤሊ፣ የናይል አዞ፣ የናይል ዓሣ እዚያ ምን አመጣቸው? መልሱ ሐይቁ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም የሚል ነው። ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝናብ በበዛበት ዘመን ቱርካና ሞልቶ በሰሜን ምዕራብ በኩል ወደ ናይል ይፈስ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ቀነሰ፣ ሐይቁ ጎደለ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ እንስሶቹ ግን ቀሩ።

በነገራችን ላይ በዚያ አካባቢ ሰውና ኤሊ የሚተዋወቁት ከጥንት ነው። ኬንያ ውስጥ ከቱርካና ምሥራቅ 1.95 ሚሊዮን ዓመት ባስቆጠረ ቦታ ላይ የድንጋይ መሣሪያና የተቆራረጠ አጥንት ተገኝቷል። ከሚዳቋና ከጉማሬ ሌላ ዓሣም፣ አዞም፣ ኤሊም ነበረበት። የጥንት ዘመዶቻችን እራታቸው ላይ ኤሊ ነበረች ማለት ነው። ያኔ ኦሪት አልተሰጠም።

ሁለተኛው እንቆቅልሽ የእኛው ነው፦ ከናይል አፍ እስከ እስራኤል ወንዞች ያለው ባሕር። የወንዝ ኤሊ ባሕር እንዴት ትሻገራለች? መልሱ ጨው ትችላለች ነው። ይህች ኤሊ ከወንዝ አፍ ወጥታ ባሕር ውስጥ ስትዋኝ ታይታለች፣ በዓሣ አጥማጆች መረብም ተይዛለች። የባሕሩ ውኃ ደግሞ ከግብፅ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ በእኛ ዳርቻ ወደ ሰሜን ነው የሚፈሰው። አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ አሽዶድ ባሕር ዳር ስትሄዱ የምትረግጡት አሸዋ በአብዛኛው ናይል ያመጣው ነው። ከኢትዮጵያ ተራሮች የታጠቡ ማዕድናት አሉበት። ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውኃ ከመቶ 85 ያህሉ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የሚወርድ ነው፤ በዓባይ፣ በተከዜ፣ በባሮ። ክረምት ሲሆን ጎርፉ ደለሉን ይዞ ባሕር ይገባ ነበር፣ ባሕሩም ተቀብሎ ወደዚህ ያመጣው ነበር። አሸዋውን ባመጣው ፍሰት ኤሊዋም ከወንዝ አፍ ወደ ወንዝ አፍ እየዘለቀች ወደ ሰሜን መጣች።

ቀልድ የሚወዱ ጓደኞቼ "እሷም ዓሊያ አድርጋ ነው በለና" ይሉኛል። ችግሩ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ከሁላችንም በፊት መምጣቷ ነው።

ብቻዋንም አልነበረችም። ከቄሳርያ በስተሰሜን ያለው ወንዝ ናሓል ታኒኒም ይባላል፣ የአዞዎች ወንዝ ማለት ነው። ስሙ ተረት አይደለም። የናይል አዞ እዚያ ይኖር ነበር፣ የመጨረሻዎቹ የጠፉት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው፤ ታድነው። የባሕር ዳርቻችን ወንዞች የናይል ዓለም የሰሜን ጫፍ ነበሩ ማለት ነው። አዞው ሄዷል። ከትልልቆቹ የናይል እንስሳት በእነዚህ ወንዞች ውስጥ የቀረችልን እሷ ናት።

[ሙዚቃ]

አሁን ታሪኩ ወደ እኛ ይጠጋል፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ውኃ። ቂርያት ጋት የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ አጋማሽ የላኺሽ አካባቢ ሲሰፍር ነው። መሬት ነበረ፣ ሰው መጣ፣ ውኃው ግን ያለው በሰሜን ነው። በ1955 የያርኮን ነጌቭ መስመር ተከፈተ። ሮሽ ሀዓይን አጠገብ ያሉት የያርኮን ምንጮች ውኃ በትልልቅ ቱቦ ወደ ደቡብ ተወሰደ። በ1964 ደግሞ ከኪኔሬት የሚነሳው የአገር አቀፍ የውኃ መስመር ተጨመረበት። ደቡብ የለማው በዚህ ነው። እኔ የተወለድኩበት ከተማ አረንጓዴ የሆነው፣ ወላጆቻችን ሲመጡ ቧንቧ ከፍተው ውኃ ያገኙት፣ በዚህ ነው። ይህንን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ውኃ ባይመጣ ኖሮ እኛም እዚህ አንኖርም።

ግን ሂሳቡን አንድ ሰው ከፍሏል፣ የከፈለው ወንዙ ነው። ንጹሑ ውኃ ከምንጩ ሲወሰድ ያርኮን ውስጥ የቀረው በአብዛኛው ፍሳሽ ሆነ። የሌሎቹም የባሕር ዳርቻ ወንዞች ዕጣ ከዚህ ብዙ አይለይም፦ ምንጩ ይጠለፋል፣ ረግረጉ ይደርቃል፣ የከተማውና የፋብሪካው ቆሻሻ ይለቀቅበታል። ምን ያህል እንደከፋ አገሩ ሁሉ ያወቀው በሐምሌ 1997 ነው። በማካቢያ ጨዋታ መክፈቻ ቀን ያርኮን ላይ የተሠራው ድልድይ ተደርምሶ አውስትራሊያውያን ስፖርተኞች ውኃው ውስጥ ወደቁ። 4 ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ 3ቱ የሞቱት በኋላ ነው፣ ከተበከለው ውኃና ከጭቃው በደረሰባቸው ሕመም። ወንዝ ውስጥ መውደቅ ሰው ይገድል ነበር። ኤሊዋ የምትኖረው እንዲህ ባሉ ወንዞች ውስጥ ነው።

ታዲያ እንዴት ተረፈች? ቅድም ያዙልኝ ያልኩት እዚህ ይገባል። ውኃው ኦክስጅን ሲያጣ ዓሣ ይሞታል። እሷ ግን አፍንጫዋን አውጥታ ከላይ ትተነፍሳለች። የምትበላውን ስለማትመርጥ ቆሻሻ ወንዝ ውስጥም የሆነ ነገር አታጣም። ዕድሜዋም ረጅም ነው፣ ክፉ ዓመት ታሳልፋለች። ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። ትልቋ ኤሊ ብዙ ትችላለች ማለት ዘሯ አይጠፋም ማለት አይደለም። እንቁላሏ ደረቅ ዳርቻ ይፈልጋል። ዳርቻው ኮንክሪት ከሆነ፣ ወይም ትራክተር ከረገጠው፣ ወይም ጎርፍ ካጠበው፣ ወንዙ ውስጥ ትልልቅ ኤሊዎች እየታዩ ልጆች ግን የሉም። ሰው ሲያይ "ይኸው አሉ እኮ" ይላል። አሉ፣ ግን የሚተካቸው የለም።

አሁን ወደዚያች ትንሽ ወንዝ ደረስን። ናሓል አሌክሳንደር ከናብሉስ አካባቢ ተራሮች ይነሳል፣ በቱልካረም በኩል ያልፋል፣ ኤሜክ ሄፈርን አቋርጦ ሚክሞሬት አጠገብ ባሕር ይገባል። ወንዙ ድንበር አያውቅም፣ ፍሳሹም አያውቅም። ለብዙ ዓመታት የሁለቱም ወገን ቆሻሻ ይገባበት ነበር። በበልግ ደግሞ፣ ወይራ ሲለቀም፣ ከዘይት መጭመቂያዎቹ የሚወጣው ጥቁር ውኃ ይጨመርበታል። ያ ውኃ ኦክስጅኑን ጨርሶ ይበላዋል።

በ1995 የኤሜክ ሄፈር የአካባቢ ምክር ቤት፣ ቃካልና ሌሎችም ተባብረው ወንዙን የማዳን ሥራ ጀመሩ። ዳርቻው ተስተካከለ፣ ዛፍ ተተከለ፣ ያድ ሐና አጠገብ ከላይ የሚመጣውን ፍሳሽ የሚቀበል ማጣሪያ ተሠራ። ከፍልስጤም በኩል ካሉት ባለሥልጣናትም ጋር፣ ፖለቲካው ሲከፋም እንኳ፣ ስለ ፍሳሹ መነጋገራቸው አልቀረም። በ2003 ሥራው አውስትራሊያ ውስጥ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የወንዝ ሽልማት አሸነፈ። አስቡት፣ ከያርኮኑ አደጋ 6 ዓመት በኋላ፣ ያውም ከዚያችው አገር። ከናብሉስ በስተምዕራብ በጀርመን ገንዘብ የተሠራው ትልቅ ማጣሪያም ከአሥር ዓመት በኋላ ሥራ ጀመረ። ችግሩ አልቋል ማለት ግን አይደለም። የወይራው ወቅት ሲመጣ ወንዙ አሁንም ይቸገራል።

በሜዲትራንያን ያሉት የዚህች ኤሊ ወገኖች የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይ የሰፈሩት በመጨረሻው የአደጋ ደረጃ ነው፣ ከዚያ የሚቀጥለው መጥፋት ነው። ቱርክ ውስጥ መረብ ትቀዳለች እየተባለች በዓሣ አጥማጆች ተገድላለች። ግብፅ ውስጥ፣ ፎርስኮል ባገኛት በታችኛው ናይል፣ ጠፍታለች ማለት ይቻላል፤ ከአስዋን ግድብ በላይ ናስር ሐይቅ ውስጥ ነው ያለችው። ግድቡ በ1970 ካለቀ ወዲህ ጎርፉና ደለሉም ወደ ባሕር አይወርዱም። ስለዚህ እዚህ ያሉት ከጠፉ፣ ከደቡብ በባሕር መጥቶ የሚተካቸው ይኖራል ብለን መቀመጥ አንችልም። የአሌክሳንደር ኤሊዎች የዚያ ረጅም መንገድ ቅሪት ናቸው።

[ሙዚቃ]

ከመሰነባበታችን በፊት ሁለት የሚሠራ ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛው የቤት ጉዳይ ነው። ጆሮ ግንዳቸው ላይ ቀይ መስመር ያላቸው ትንንሽ አረንጓዴ ኤሊዎችን ታውቋቸዋላችሁ፣ ልጆች በመስታወት ገንዳ የሚያሳድጓቸው። የመጡት ከአሜሪካ ነው፣ ከሚሲሲፒ ተፋሰስ። ሲያድጉ ገንዳው ይጠብባቸዋል፣ ሰውም ይሰለችና "ነፃ ላውጣት" ብሎ ወንዝ ውስጥ ይለቃታል። አደራ፣ አታድርጉት። ወንዙ ውስጥ ገብተው የአገሩን ኤሊዎች ምግብና ቦታ ይሻማሉ። ማሳደግ ካቃታችሁ ለሚያውቅ ሰው ስጡ፣ ወይም የተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣንን ደውላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው፣ ሂዱና እዩዋት። ኤሜክ ሄፈር ውስጥ ጌሸር ሀጻቢም፣ የኤሊዎች ድልድይ የሚባል ቦታ አለ። ሞቅ ባለ ቀን ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። መጀመሪያ አፍንጫው ብቅ ይላል፣ ከዚያ ያ ሰፊ ጀርባ። ዳቦ አትጣሉ፣ ለእሷም ለውኃውም ጥሩ አይደለም። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ በተለይ በሱዳን በኩል በእግር የመጡትን። እነሱ ተከዜን ያውቁታል፣ እናንተ ደግሞ የተከዜ ውኃ የት ድረስ ይሄድ እንደነበረ ልትነግሯቸው ትችላላችሁ። ታሪክ ከእነሱ ብቻ ወደ እኛ መሄድ የለበትም፣ አንዳንዴ እኛም ወደ እነሱ እናምጣ።

አንድ ጥያቄ ትቼላችሁ ልሂድ። ዛሬ የምንጠጣው ውኃ ብዙው ከባሕር የተጣራ ነው። አሽቀሎን ያለው ትልቁ ማጣሪያ በ2005 ሥራ ከጀመረ ወዲህ አገሩ በፊት እንደነበረው ሁሉ ምንጭ ላይ ብቻ ጥገኛ አይደለም። ታዲያ በችግር ዘመን ከወንዞቹ ከወሰድነው ውኃ ምን ያህሉን እንመልስላቸው? ይህ የባለሙያና የመንግሥት ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ያንን ውኃ ጠጥተን ያደግን የደቡብ ልጆች፣ እኛም ሐሳብ መስጠት አለብን። የእናንተን ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አነበዋለሁ።



[ሙዚቃ]